ሕልም ተውሶ የሄደው ሹፌር

እዚህ ቦኤዶ ሰፈር የሥነ ልቦና ሐኪም የሌለው ሰው ካለ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ የእህቴ ባል ጊልዶ ነው እንል ነበር። እኔ ክሌሊያ እባላለሁ፣ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ዶክተር ሊፍሺትዝ ክፍል ውስጥ በሳምንት ሁለቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ሆዴን ስዘከዝክ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባል ቀይሬያለሁ፣ ቤት ቀይሬያለሁ፣ ዶክተሬን ግን አልቀየርኩም። ደንበኞቼም እንደኔው ናቸው። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጠው የሚያወሩት ስለ ባላቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሐኪማቸው ስለ ባላቸው ምን እንዳለ ነው የሚያወሩት።

ጊልዶ ቴርሳኖ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አባቱ ዶን ናሳሬኖም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያው መስመር ሲነዳ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። እምቢ የሚባል ቃል ጊልዶ አፍ ላይ አልተፈጠረም። ሰው ፍሪጅ ሲያጓጉዝ ጊልዶ፣ የጎረቤት ድመት ጣራ ላይ ወጥታ መውረድ ሲያቅታት ጊልዶ፣ የእኔ ፀጉር ቤት ቧንቧ ሲፈነዳ ጊልዶ። አውቶቡሱን እንደ ሙሽራ ነበር የሚያስጌጠው፤ መስታወቱ ዙሪያ አበባ አስስሎበታል፣ የልጆቹን የሕፃንነት ጫማ ሰቅሎበታል። ተሳፋሪው በስሙ ነው የሚጠራው። ምን ልበላችሁ፣ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ አንዳንዴ ያናድደኛል።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ታዲያ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አንዲት ሴት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ አድራሻ ስትጠይቀው፣ የጊልዶ እጅ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። ደረቱ ተጨነቀ፣ ላብ አጠመቀው፣ ትንፋሽ አጠረው። «ልቤ ነው፣ መሞቴ ነው» አለ። አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው። የልብ ሐኪሙ መርምሮ፣ መርምሮ «ልብህ የኮርማ ልብ ነው፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» ብሎ ሰደደው። በሳምንቱ ደገመው። ከዚያ ሰለሰው። በመጨረሻ ድርጅቱ «እስኪሻልህ መሪ እንዳትነካ» አለው። ገና አልፎ አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ የሐኪሞች ቦርድ ያየዋል፤ ካለፈ ወደ መሪው ይመለሳል፣ ከወደቀ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ሲያጥብ ይኖራል ማለት ነው።

ማጠብ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ግን እህቴ ኦፌሊያ ፀጉሯን ላጥብላት ጎንበስ ባለችበት «ክሌሊያ፣ ይሄ ሰው መሪ ካልያዘ ይሞትብኛል። ሌሊት ተኝቶ እንኳን እግሩ ፍሬን ይረግጣል» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ሻምፖው ዓይኗ ውስጥ ገባ።

የሰፈራችን የመንግሥት ሆስፒታል ለጊልዶ አንዲት ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ መደበለት፤ ሮክሳና ማይዳና ትባላለች። በመጀመሪያው ቀን ቁጭ አድርጋ «ለአራት ወር በሳምንት አንድ ጊዜ እንገናኛለን፣ ገና ሲደርስ እንጨርሳለን። ብዙ ነገር ውስጥ አንገባም፤ አንዱን ቋጠሮ ይዘን እሱን እንፈታለን» አለችው። እሑድ ሥጋ ስንጠብስ ይህን ሲነግረን ሹካዬ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እስከ ገና? እኔ እኮ ዶክተር ሊፍሺትዝ ፊት ጫማዬን ለማውለቅ ብቻ ዓመት ፈጅቶብኛል!»

«ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው እንዴ?» አለ ጊልዶ ደንግጦ።

«የት ነው የምትጋደመው?»

«አልጋደምም። ወንበር ነው። ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው።»

«እሷስ ዝም ትላለች አይደል?»

«ኧረ ታወራለች። ትጠይቀኛለች።»

«ሐኪም ያወራል? ጉድ ነው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንተ የኔ ጌታ፣ ይሄ ነገር ማጭበርበር ነው» አልኩት። ኦፌሊያ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። እኔ ግን ከልቤ ነበር። የሰው ልጅ ሆድ በአራት ወር የሚዘለቅ ከሆነ እኔ ሃያ ዓመት ምን ስሠራ ነበር?

ቢሆንም ዘመድ ነውና ባዶ እጁን አልሰደድኩትም። «ሕልምህን መንገር አለብህ» አልኩት። «ሕልም የለኝም፤ ተኝቼ እነሳለሁ፣ በቃ» አለኝ። እዚህ አገር ሕልም ሳይይዙ ሐኪም ጋ መሄድ ማለት ልደት ቤት ባዶ እጅ መሄድ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሕልም ሞልቶኛል፣ ተርፎኛል። አንዷን መርጬ አዋስኩት፤ አያቴ ቤት ደረጃው ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ቬሎ የለበሰ ፈረስ መጥቶ ሰዓት ስንት ነው ይለኛል። ዶክተር ሊፍሺትዝ ለዚህች ሕልም አንድ ሙሉ ጸደይ ሰውቶላታል። ጊልዶ ፀጉር ቤት ተቀምጦ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና ሸመደዳት።

ሆስፒታሉ ከፀጉር ቤቴ አቅራቢያ ስለሆነ ከዚያ ሲወጣ ሁልጊዜ እኔ ጋ ጎራ ይል ነበር። ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ አፈላለታለሁ፤ እሱ ባዶው ካስክ ስር ተቀምጦ እየጠጣ የተባለውን ሁሉ ይዘከዝካል። ሕልሜን ይዞ የሄደ ቀን ፊቱ ቀልቶ ገባ።

«አወቀችብኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ሕልምሽን። ፈረሱ ላይ ስደርስ አስቆመችኝና ‹አቶ ጊልዶ፣ ይህን ሲነግሩኝ ፊትዎ ላይ ምንም አይታየኝም። ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ስታናግርዎ የሆነውን ሲነግሩኝ ግን እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ያመጡት እኔን ለማስደሰት ነው?› አለችኝ። ምን ላድርግ? ‹የሚስቴ እህት ናት ያዋሰችኝ› አልኳት።»

«ስሜን ጠራህ?!»

«ሳቀች። ከዚያ ‹ባዶ እጅዎን ቢመጡ ምን ይሆናል ብለው ፈሩ?› ስትለኝ ‹ይቀየሙኛል ብዬ ነዋ› አልኳት። እሷም ‹ታዲያ እዚህም መጥተው የሰው ዕቃ ነው የሚጭኑት ማለት ነው› አለችኝ።»

እኔ የተቀየምኩት ለሕልሜ ነበር። እንዴት ያለች ሕልም! ዋጋዋን የሚያውቅ ባለሙያ ፊት ብትቀርብ ኖሮ ስንት ነገር ይወጣት ነበር። ጊልዶ ማቴውን ጠጥቶ መለሰልኝ። ከዚያ ልትሰናበተው ስትል አንድ ጥያቄ እንደጠየቀችው ነገረኝ። ከዚያች ሴት በፊት አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ያናገረው ሌላ ሰው ነበረ ወይ ብላው ነው። «ተቆጣጣሪው» ብሏታል። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም።

እኔ ገባኝ። ታሪኩን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ የምናውቀው ግን እንደ ጀግንነት ነበር። አባቱ የሞተበት ጥር ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጥ ነበር። ሞባይል ገና ሹፌር ኪስ አልገባም። ጊልዶ አውቶቡሱ ሞልቶ ሲሄድ ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ አስቆመው፣ ደረጃው ላይ አንድ እግሩን ሰቅሎ «አባትህ ጠንቶበታል፣ ቶሎ ይድረስ ብለው ደውለዋል» አለው። ጊልዶ ዞሮ ተሳፋሪዎቹን አየ። «ጉዞዬን ልጨርስ» አለ፤ ጨረሰም። ተርሚናል ሲደርስ መሪውን ለተረኛ አስረክቦ አባቱ ወደተኛበት ሆስፒታል በታክሲ በረረ። ሲደርስ የዶን ናሳሬኖን ፊት በአንሶላ ሸፍነውት ነበር።

ለቅሶው ላይ የመስመሩ ሹፌሮች በሙሉ ትከሻውን እየመቱ «ጎበዝ! አባትህ ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚያደርገው!» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌው እሑድ እሑድ ወይን ሲቀምስ የሚያወራት አንዲት ወሬ ነበረችው፦ «ይሄ ጊልዶ ሲወለድ እኔ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዤ ነበር። ወንድ ልጅ ነው ብለው ነገሩኝ፣ ጥሩምባዬን አስጩኼ መንገዴን ቀጠልኩ! ማታ ነው ያየሁት!» ጠረጴዛው በሳቅ ይፈርሳል። ጊልዶም ይስቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ጊልዶ መጥቶ ካስኩ ስር አልተቀመጠም። ቆመ።

«ስሚኝ ክሌሊያ። ዛሬ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ያቺን የአባቴን ወሬ ነግሬያት እየሳቅኩ ነበር። ‹እርስዎ ሲወለዱ እሳቸው አልመጡም፤ እሳቸው ሲሞቱ እርስዎ አልደረሱም። ይህ ያስቃል?› አለችኝ። መቆጣቴ! ‹አባቴን አይንኩብኝ› ብዬ ጮህኩባት። እሷ አልደነገጠችም። ‹ይቆጡ፤ እኔ ላይ ብቻ ነው የተቆጡት?› አለችኝ። ከዚያ ምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ያ ሰው አንድ ቀን እንኳን ለእኔ ብሎ አውቶቡስ አላቆመም። እኔም አላቆምኩለትም። ሁላችሁም ደግሞ ጎበዝ አላችሁኝ። ለምን አላቆምክም ያለኝ አንድ ሰው የለም! አንድ ሰው! ጎበዝ ያለኝን ሁሉ ጠላሁት። አንቺም ብለሽኛል።»

ብዬዋለሁ። ምን ይባላል ታዲያ? እዚያ የነበሩ ሁለት ደንበኞቼ ፀጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። አንደኛዋ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፣ አይዞህ» አለችው። እሱ ግን የሰማትም አይመስል፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለማናችንም ጥሩ አልነበረም። ጊልዶ ተለወጠ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ተበላሸ። ለጎረቤቱ «ዛሬ አይመቸኝም» አለ። ለወንድሙ «መኪናህን ራስህ ግፋ» አለ። ቧንቧዬ እንደገና ሲፈነዳ ደወልኩለት።

«ቧንቧ ሠሪ ጥሪ» አለኝ።

«እንዴ! አንተ አይደለህም የምትሠራው?»

«ነበርኩ። እወድሻለሁ ግን ዛሬ አልመጣም።»

ስልኩን ዘጋው። ኦፌሊያ ጋ ደውዬ «ይሄ ነው ሕክምናው? በአራት ወር ሰውን ባለጌ ማድረግ?» ስላት ሳቀችብኝ። ሌሊት ቁጭ ብሎ እንደሚያለቅስ፣ ከዚያ ግን እንደ ሕፃን እንደሚተኛ ነገረችኝ። እግሩ ፍሬን መርገጡን ትቷል አለች።

ገና እየቀረበ ሙቀቱ ሲመጣ ጊልዶ ምክንያት ማብዛት ጀመረ። አንድ ሳምንት ሆዴን አመመኝ አለ። ከመጨረሻው ቀጠሮ በፊት ባለው ሳምንት ጭራሽ ቀረ። የት ሄደ ብትሉ፣ ጋራዥ ሄዶ አውቶቡስ ሲያጥብ ዋለ! ሰው ጎድሏቸው ነው አለ። ማን ጠራው? ማንም።

እኔም ዕድሌ ነው ብዬ ያዝኩት። «አየህ፣ ሜዳ ላይ ጥላህ ልትሄድ ነው። አጭር የሚባለው ይሄ ነው። ና ዶክተር ሊፍሺትዝ ጋ ልውሰድህ፤ እሱ መቼም አይጨርስም» አልኩት።

«ክሌሊያ፣ እኔ የቀረሁት ስለምትሄድ ነው መሰለኝ» አለኝ። «ደህና ይሁኑ ማለት አቅቶኝ ነው ሥራ የፈለግኩት። አባቴ በሞተ ቀን እንዳደረግኩት።»

እኔ ሃያ ዓመት ተጋድሜ እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

የመጨረሻው ቀን ማንም ሳይገፋው ሄደ። ከዚያ ሲወጣ ፀጉር ቤቴ ባዶ ነበር፤ ሁሉም ለበዓሉ ፀጉሩን ተሠርቶ ሄዷል። ሸሚዙ በላብ ርሶ ገባና ዛሬ ካስክ ስር ሳይሆን የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። የሆነውን ቀስ ብሎ ነገረኝ። ገብቶ ሳይቀመጥ «ተናድጄብዎታለሁ» አላት። «ሰው ይከፍቱና ይሄዳሉ። አሁን ደህና ነኝ ማለት አልችልም። ቦርዱ ፊት ምን እንደምሆን አላውቅም።» እሷም ይናደዱ አለችው፤ ማለቁ ለእሷም ቀላል እንዳልሆነ፣ ግን ማለቁን መደበቅ እንደማትፈልግ ነገረችው። ባለፈው ሳምንት ባዶ ወንበሩን እያየች እንደጠበቀችውም ነገረችው። ጊልዶ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ማወቁ ነው መሰለኝ ያስለቀሰው።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ ስለ አባቴ አወራን። ቢሰማኝ ኖሮ ምን እለው እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ሰዓቱ ደረሰ። ተነስቼ እጇን ጨበጥኩና ‹ደህና ይሁኑ፣ አመሰግናለሁ› አልኳት። እሷም ‹ደህና ይሁኑ፤ እዚህ የጀመሩት እኔ ስለሌለሁ አይቆምም› አለችኝ። በሩ ላይ ዞር ብዬ አየኋት። በቃ።»

«በቃ?»

«በቃ። ሰው ተሰናብቼ ወጣሁ።»

እኔ አላመንኩም ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ። በጋው ላይ ይወድቃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በጋ ማለት ደግሞ የዚህ ከተማ ሐኪሞች በሙሉ ጓዛቸውን ጠቅልለው ባሕር ዳርቻ የሚሄዱበት ወቅት ነው፤ እኛ ሕመምተኞቻቸው እዚህ ሙቀት ውስጥ እርስ በርስ እንናከሳለን። ዶክተር ሊፍሺትዝም ሄዷል። እኔ ከመሬት ተነስቼ አከራዬን ሰደብኩ፣ አንዲት ደንበኛዬን በስህተት ብርቱካናማ አድርጌ ቀባኋት፣ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ጊልዶስ? ጊልዶ ማንም ሳያክመው ይሻለው ጀመር! ገና ላይ ከነበረው ጥር ላይ ተሻለው፣ ከጥሩ ደግሞ የካቲት ላይ። አንድ ቀን ኦፌሊያን ይዞ የአባቱ መቃብር ሄዶ ለሁለት ሰዓት ሲያወራለት ዋለ። ምን እንዳለው አልጠየቅኩም። መጠየቅ አማረኝ እንጂ።

ቦርዱ አሳለፈው። መጀመሪያ ከአሠልጣኝ ጋር አስነዱት፣ ከዚያ ለብቻው ለቀቁት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ አድራሻ ሲጠይቀው ላብ በላብ ሆኖ እንደነበር አልደበቀንም። እጁ ግን አልደረቀም። አድራሻውን ነግሮት ሄደ።

ዶክተር ሊፍሺትዝ ከባሕር ጠይሞ ሲመለስ ገና ሳልጋደም ጫንኩበት። «ያ የእህቴ ባል ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው ይበልጥ የተሻለው! ይሄ እንዴት ይሆናል?» እኔ እንደለመድኩት ዝም ይላል ብዬ ነበር። ተናገረ!

«ይሆናል። የአጭር ጊዜው ሕክምና አንዳንዱ ሰው ላይ ካለቀ በኋላም ይሠራል። ተጠንቷል።»

«ታዲያ እኔስ?!» አልኩ ቀና ብዬ።

«ጊዜያችን አልቋል» አለኝ።

ስድብ በጉሮሮዬ ይዤ ወጣሁ። እንዲያው ብስጭቴን ይዤ ከምሄድ ብዬ የጊልዶን አውቶቡስ ጠብቄ ተሳፈርኩ። ከሥራ መውጫ ሰዓት ስለነበር ጢም ብሏል። ጊልዶ በመስታወቱ አይቶኝ ጠቀሰኝ። ከኋላው የብረት ዘንጉን ይዤ ቆምኩ፤ አጠገቤ አንዲት የገበያ ዘንቢል የያዘች ወይዘሮ ተቀምጣለች።

አባቱ የሞተበት ሆስፒታል ጋ ስንደርስ መብራቱ ያዘን። መንገዱ በዚያው ስለሆነ በየቀኑ ያልፍበታል። ዓይኔን ከእጁ ላይ መንቀል አልቻልኩም። መብራቱ ሲለቅ ማርሽ አስገባ፣ መኪናዋን በዝግታ አስነሳት። እጁ እንደ ሌላ ቀን እጁ ነበር። እንባው ግን ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ አይጠርገውም፣ አይደብቀውም፣ መንገዱን እያየ ይነዳል።

ወይዘሮዋ በመስታወቱ አይታው ደነገጠች።

«ሹፌር፣ ምን ሆንክ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እመቤቴ። አባቴ ሞቶብኝ ነው።»

«ውይ በሞትኩት! መቼ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

አውቶቡሱ ጸጥ አለ። አንዱ ይስቅበታል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ፤ የሚስቅ ቢገኝ በዘንቢሏ ነበር የምመታው። ማንም አልሳቀም። ወይዘሮዋ እጇን ዘርግታ ትከሻውን ነካችና «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አለችው። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ «ነፍስ ይማር» አለ። ከመሃል አንድ ሌላ ድምፅ ደገመው፣ ከዚያም ከበሩ አካባቢ ሌላ። እኔም አልኩት።

ጊልዶ «አሜን» አለና የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ቆሞ በሩን ከፈተ።